አፍንጫን ሲናፈጡ ጆሮ ለምን ያማል?

ለሕዝብ ክፍት በሆነው የፋኩልቲው የገለጻ መርሐ ግብር ላይ የቀረበ ንግግር ሙሉ ቃል



ለዛሬው ገለጻ የመረጥሁት ርእስ በመጀመሪያ ሲሰሙት ለአዳራሽ የሚበቃ አይመስልም። ሰው ጉንፋን ይይዘዋል፤ መሐረቡን ወይም ሶፍቱን አውጥቶ በኃይል ይናፈጣል፤ በዚያው ቅጽበት ጆሮው ጠቅ ይልበታል፣ ወይም እንደ መርፌ ይወጋዋል፣ ወይም ድፍን ይልበታል። ጥቂት ቆይቶ ይተወዋል፤ እርሱም ይረሳዋል። ይህ ያልደረሰበት ሰው በዚህ አዳራሽ ውስጥ ብዙ አይመስለኝም። ሆኖም የጆሮ፣ የአፍንጫና የጉሮሮ ሐኪም ሆኜ ስሠራና ሳስተምር ሰዎች ደጋግመው ከሚያነሡልኝ ጥያቄዎች አንዱ ይኸው ነው፦ «የተናፈጥሁት በአፍንጫዬ፣ ያመመኝ ግን ጆሮዬን ነው፤ ይህ እንዴት ይሆናል?»

ጥያቄው የዋህ ይመስላል እንጂ ጥልቅ ነው። ዛሬ ላስረዳችሁ የምፈልገውም አንድ ነገር ነው። ያ ሕመም በአፍንጫና በጆሮ መካከል ያለ አንድ ጠባብ መንገድ የሚልክልን መልእክት ነው። መልእክቱን በጊዜ የተረዳ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የአናፋፈጥ ልማዱን በማስተካከል ብቻ ይገላገላል። መልእክቱ በሕፃናት ላይ ደጋግሞ ሲመጣና ሰሚ ሲያጣ ግን ፍጻሜው የመስማት ችሎታን እስከ ማጣት ሊደርስ ይችላል። አበው «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» ያሉት በሌላ ምክንያት ቢሆንም፣ ለሐኪምም የሚሆን እውነት አለበት፤ ሰው ዓይኑንና ጥርሱን በመስታወት ያያል፣ የጆሮውን ውስጥ ግን አያይም። ስለዚህ ወደማይታየው ክፍል አብረን እንግባ።

መንገዱ

ጆሮ ስንል ብዙዎቻችን የምናስበው ጉትቻ የሚንጠለጠልበትን የውጭውን ክፍል ነው። በሕክምና ትምህርት ግን ጆሮ ውጫዊ፣ መካከለኛና ውስጣዊ ተብሎ በሦስት ይከፈላል። ለዛሬው ጉዳያችን ዋናው መካከለኛው ጆሮ ነው። ይህ ከጆሮ ታምቡር በስተ ጀርባ ያለ፣ አየር የሞላበት ትንሽ ክፍል ነው። በውስጡም መዶሻ፣ መስፍና እርካብ በሚባሉ ዕቃዎች ስም የተሰየሙ ሦስት ጥቃቅን አጥንቶች ተያይዘው ድምፅን ከታምቡሩ ወደ ውስጠኛው ጆሮ ያስተላልፋሉ። ታምቡሩ ራሱ ስፋቱ አንድ ሳንቲ ሜትር ገደማ፣ ውፍረቱ ደግሞ የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ ያህል የሆነ ስስ ሽፋን ነው።

ታምቡር ማለት ከበሮ ነው። ከበሮ የሚመታ ሰው እንደሚያውቀው፣ ቆዳው በልኩ ካልተወጠረ ድምፁ ይታፈናል። የጆሮ ታምቡርም በነጻነት እንዲርገበገብ ከውጭ ያለው የአየር ግፊትና ከውስጥ ያለው የአየር ግፊት እኩል መሆን አለባቸው። ይሁን እንጂ የመካከለኛው ጆሮ ግድግዳ በውስጡ ያለውን አየር ቀስ በቀስ ወደ ደም እየመጠጠ ያጎድለዋል። የጎደለው በየጊዜው ካልተተካ ታምቡሩ ወደ ውስጥ ይሳባል፤ መስማትም ይደክማል።

አየሩን የሚተካው ከመካከለኛው ጆሮ ተነሥቶ ከአፍንጫ በስተ ኋላ፣ ከእንጥል በላይ ወዳለው ክፍል የሚወርድ አንድ ቱቦ ነው። የሕክምና መጻሕፍት ዩስቴሺያን ቱቦ ይሉታል። በአዋቂ ሰው 35 ሚሊ ሜትር ያህል ይረዝማል። ወደ ጆሮ የቀረበው አንድ ሦስተኛው በአጥንት የተከበበ ሲሆን፣ ወደ አፍንጫ የቀረበው ሁለት ሦስተኛው ግን ለስላሳ ስለሆነ ይከፈታል፣ ይዘጋል። በተለመደው ጊዜ ዝግ ነው። ስንውጥና ስናዛጋ የላንቃ ጡንቻዎች ለቅጽበት ይከፍቱታል፤ ምራቃችንን ስንውጥ አንዳንዴ በጆሮአችን የምንሰማት ያቺ ትንሽ «ጠቅ» የምትል ድምፅ የዚህ በር መከፈት ናት።

ይህ መንገድ መኖሩ ገና በጥንት ዘመን ሳይጠረጠር አልቀረም። አርስጣጣሊስ ከእርሱ በፊት የነበረው አልክማዮን ፍየሎች በጆሮአቸው ይተነፍሳሉ ማለቱን አንሥቶ፣ አባባሉን ነቅፎ ጽፏል። ቱቦው ዛሬ የሚጠራበትን ስም ያገኘው በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በዝርዝር ከገለጸው ከጣሊያናዊው የአካል ጥናት ሊቅ ከባርቶሎሜዎ ኡስታኪ ነው። ከእርሱ በኋላ ሌላው ጣሊያናዊ አንቶኒዮ ማሪያ ቫልሳልቫ በ1704 እ.ኤ.አ. ስለ ሰው ጆሮ ባሳተመው መጽሐፍ፣ አፍንጫንና አፍን ዘግቶ ትንፋሽን ወደ ውጭ በመግፋት አየርን ወደ መካከለኛው ጆሮ ማስገባት እንደሚቻል አሳየ። የእርሱ ዓላማ በጆሮ ውስጥ የተቋጠረ መግል እንዲወጣ መርዳት ነበር። ዘዴው እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንድትሉልኝ እፈልጋለሁ። ሁለቱንም የአፍንጫ ቀዳዳዎች ጥርቅም አድርጎ ይዞ፣ አፉን ገጥሞ በኃይል የሚናፈጥ ሰው ሳያውቀው የቫልሳልቫን ዘዴ እየሠራ ነው። ልዩነቱ ቫልሳልቫ አየር ለማስገባት ሲያስብ፣ ጉንፋን የያዘው ሰው ግን የሚገፋው አየርን ብቻ ሳይሆን ንፍጥንም ጭምር መሆኑ ነው።

በመናፈጥ ጊዜ የሚሆነው

ብዙ ሰው ከመናፈጥ ይልቅ ማስነጠስ የሚበልጥ ኃይል ያለው ይመስለዋል። ማስነጠስ ድምፁ ትልቅ ነውና አያስገርምም። ጉዋልትኒና ባልደረቦቻቸው በ2000 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት ግን ተቃራኒውን አሳይቷል። ሰዎች ሲናፈጡ በአፍንጫቸው ውስጥ የተለካው ግፊት በአማካይ 66 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ያህል ነበር፤ ሲያስነጥሱና ሲያስሉ የተለካው ከዚህ አንድ አሥረኛ ገደማ ወይም ከዚያ ያነሰ ነው። የደም ግፊታችሁን ስትለኩ 120 በ80 የሚባለው በዚሁ መለኪያ ስለሆነ መጠኑን መገመት አያስቸግራችሁም። በውኃ ቢሰላ ደግሞ 90 ሳንቲ ሜትር ያህል ጥልቀት ባለው ውኃ ውስጥ የሚሰማውን ግፊት ያህላል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ስናስነጥስ መንገዱ ክፍት ስለሆነ አየሩ ይወጣል፣ ስንናፈጥ ግን መውጫውን በጣታችን እናጠብበትና ከኋላ እንገፋዋለን።

ተመራማሪዎቹ በራጅ የሚታይ ፈሳሽ ከአፍንጫ በስተ ኋላ ጨምረው በሲቲ ስካን ሲመለከቱ፣ መናፈጥ ፈሳሹን በፊት አጥንቶች ውስጥ ወዳሉት ሳይነስ ወደሚባሉ ክፍተቶች እንደሚገፋው አይተዋል። ጥናቱ የተመለከተው ሳይነስን እንጂ ጆሮን እንዳልሆነ መናገር ይገባኛል። ነገር ግን የቱቦው አፍ የሚገኘው ያው ግፊት በሚያርፍበት ክፍል ውስጥ ነውና፣ የጆሮው ነገር ከዚህ ብዙ የራቀ አይደለም።

እንግዲህ ሕመሙ በአራት መንገድ ሊመጣ ይችላል።

የመጀመሪያው ቀላሉ ነው። ግፊቱ ቱቦውን በድንገት ይከፍተውና አየር ወደ መካከለኛው ጆሮ ገብቶ ታምቡሩን ወደ ውጭ ይለጥጠዋል። ታምቡሩ በርካታ የስሜት ነርቮች ስላሉት ይህ መለጠጥ ይወጋል። ምራቅ ሲዋጥ ግፊቱ ይስተካከላል፤ ሕመሙም በሰከንዶች ወይም በደቂቃዎች ውስጥ ያልፋል። ይህ በሽታ አይደለም፤ «ቀስ በል» የሚል ማሳሰቢያ ነው።

ሁለተኛው ጉንፋን ቱቦውን ራሱን ሲያሳብጠው የሚመጣ ነው። የቱቦው ግድግዳ ያብጣል፣ በሩ አልከፈት ይላል፣ ውስጥ ያለው አየር እየተመጠጠ ይጎድላል፣ ታምቡሩም ወደ ውስጥ ይሳባል። ሰውየው ጆሮዬ ተደፈነ፣ የራሴ ድምፅ ከርቀት እንደሚመጣ ሆኖ ይሰማኛል ይላል። ይህን ድፍንነት ለመክፈት ሲል ከቀድሞው አብልጦ ይናፈጣል። ያበጠ በር ግን በግፊት አይከፈትም፤ ሕመሙ ብቻ ይጨምራል።

ሦስተኛው ከሁሉ የሚያሳስበን ነው። ንፍጡ ውስጥ ያሉት ቫይረሶችና ባክቴሪያዎች ከንፍጡ ጋር ወደ መካከለኛው ጆሮ ሊገፉ ይችላሉ። የመካከለኛው ጆሮ ልክፈት የሚጀምረው አብዛኛውን ጊዜ ከጉንፋን ተከትሎ መሆኑ ይታወቃል። የሚከተለው ሕመም መናፈጡ ካበቃ በኋላም አይተውም፤ ሌሊት ይብሳል፣ ትኩሳት ያስከትላል፣ አንዳንዴም ታምቡሩ ተበስቶ መግል ይወጣል። መግሉ ሲወጣ ሕመሙ ፈጥኖ ቀለል ስለሚል ብዙ ወላጅ «ተሻለው» ብሎ ይተወዋል። በእርግጥ ግን ሕክምና የሚያስፈልገው ያን ጊዜ ነው።

አራተኛው ከጆሮ ያልመነጨ የጆሮ ሕመም ነው። ለጆሮ፣ ለጉሮሮ፣ ለቶንሲልና ለጥርስ የስሜት መልእክት የሚያደርሱ ነርቮች መንገዳቸው ይገናኛል። ስለዚህ የቆሰለ ጉሮሮ ወይም የተበላሸ መንጋጋ ጥርስ ሕመሙን በጆሮ ሊያሰማ ይችላል። ጆሮው ሲታይ ጤነኛ ከሆነ ሐኪሙ አፍንና ጉሮሮን የሚመረምረው ለዚህ ነው።

በዚሁ አጋጣሚ አንድ ምልክት ልጥቀስ። አንዳንድ ሰው «ስናፈጥ አየር በጆሮዬ ሽው ብሎ ይወጣል» ይላል። አየር በጆሮ ቀዳዳ በኩል ሊወጣ የሚችለው ታምቡሩ ላይ ቀዳዳ ካለ ነው። ይህ ሰው ሕመም ባይኖረውም እንኳ ጆሮውን መታየት አለበት፤ እስኪታይም ድረስ ውኃ ወደ ጆሮው እንዳይገባ ይጠንቀቅ።

ከከፍታ ወደ ዝቅታ

እስካሁን ያየነው ከውስጥ የሚመጣ ግፊት ነው። ግፊቱ ከውጭ ሲመጣም መንገዱ ያው አንድ መንገድ ነው፤ ለእኛ ለደገኞች ደግሞ ይህ የዕለት ተዕለት ነገር ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ጎጃም የተጓዘ ሰው ከጎሐ ጽዮን ተነሥቶ ወደ አባይ ድልድይ ሲወርድ ጆሮው ድፍን እንደሚልበት ያውቃል። መንገዱ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ስለሚወርድ የውጭው አየር ግፊት ይጨምራል፣ ታምቡሩም ወደ ውስጥ ይገፋል። ጤነኛ ሰው ሁለት ሦስት ጊዜ ሲውጥ ይከፈትለታል። ጉንፋን የያዘው ግን ደጀን እስኪደርስ ሲታመም ይቆያል።

በአውሮፕላንም ነገሩ ይህንኑ ይመስላል፤ ለአዲስ አበባ ተሳፋሪ ግን የተለየ ገጽታ አለው። የአውሮፕላን ውስጥ አየር በበረራ ላይ ብዙውን ጊዜ ከ2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ያላነሰ ግፊት እንዲኖረው ይደረጋል። ቦሌ ራሱ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ይበልጣል። ስለዚህ ከቦሌ ስንነሣ ጆሮአችን ብዙም ለውጥ አይሰማውም። ፈተናው የሚመጣው በባሕር ዳርቻ ወዳሉት ከተሞች፣ ለምሳሌ ወደ ጅዳ ወይም ወደ ዱባይ ስንወርድ ነው። በከባድ ጉንፋን ላይ ሆኖ ወደ እነዚህ ቦታዎች የሚጓዝ ሰው መውረድ ሲጀመር ይንቃ፤ ከረሜላ ይምጠጥ፣ ማስቲካ ያኝክ፣ ውኃ እየተጎነጨ ይዋጥ። ሕፃን የያዘች እናት በዚያ ሰዓት ጡት ብታጠባ ለሕፃኑ ከሁሉ የተሻለ ነው። ጆሮው ክፉኛ እስኪደፈን ከተጠበቀ በኋላ አፍንጫን ይዞ በኃይል መግፋት ግን አይመከርም፤ የግፊቱ ልዩነት ከበዛ በኋላ የላንቃ ጡንቻዎች ቱቦውን ለመክፈት አቅም ያጣሉ።

እንዴት እንናፈጥ?

እናቶቻችን በነጠላቸው ጫፍ ሁለቱንም የአፍንጫችንን ቀዳዳዎች ይዘው «እንፍ በል» እያሉ አሳድገውናል። ፍቅሩ አይካድም፤ ዘዴው ግን መስተካከል ይችላል። እንዲህ ነው የሚደረገው። በመጀመሪያ አንዱን ቀዳዳ ከጎን በጣት በቀስታ እንዘጋለን። አፋችንን ጥቂት ከፈት እናደርጋለን። ከዚያም በክፍቱ ቀዳዳ በኩል በለሆሳስ እንናፈጣለን። ቀጥሎ ሌላውን። በአንድ ትንፋሽ ሁሉንም ለማውጣት መጣር አያስፈልግም፤ ሁለት ሦስት ጊዜ በቀስታ መናፈጥ አንድ ጊዜ በኃይል ከመናፈጥ ይበልጣል። ጆሮ ጠቅ ካለ ወይም ካመመ ኃይሉ በዝቷል ማለት ነው።

ንፍጡ ከወፈረና ከደረቀ ጉልበት መጨመር መፍትሔ አይደለም፤ ማቅጠን ነው። ፈልቶ በቀዘቀዘ ሩብ ሊትር ውኃ ውስጥ ግማሽ የማይሞላ የሻይ ማንኪያ ጨው አሟሙቶ አፍንጫን ማጠብ ይቻላል። ውኃው መፍላት አለበት ስል አጥብቄ ነው፤ ያልፈላ ውኃ ወደ አፍንጫ ማስገባት የራሱ አደጋ አለው። አፍንጫን የሚከፍቱ የፋርማሲ ጠብታዎችና ርጭቶችም ለጥቂት ቀን ይረዳሉ። ከአምስት ቀን በላይ ሲዘወተሩ ግን መልሰው አፍንጫውን ይደፍኑታል፤ ሰውየውም ያለ ጠብታ መተንፈስ ያቅተዋል።

ታዲያ ከመናፈጥ ይልቅ ንፍጥን ሽቅብ መሳብ ይሻላል ወይ? አንድ ሁለት ጊዜ መሳብ ጉዳት የለውም። ልማድ ሲሆን ግን እርሱም ክፉ ነው፤ አየርን ከመካከለኛው ጆሮ ስቦ ያወጣል፣ ታምቡሩንም ወደ ውስጥ ይጎትታል። ይህ ለዓመታት ሲደጋገም በታምቡሩ ላይ ስርጉድ ኪስ ሊፈጠርና ውሎ አድሮ አጥንት ወደሚበላ በሽታ ሊያመራ ይችላል።

ልጅ በቀስታ መናፈጥን በጨዋታ ይማራል። አንድ ቀጭን የሶፍት ቁራጭ በአፍንጫው ፊት ያዙና በአንድ ቀዳዳ እየነፋ እንዲያንቀሳቅሰው ንገሩት። ሶፍቱ መወዛወዝ አለበት እንጂ መብረር የለበትም። መናፈጥ ለማይችል ሕፃን ጥቂት የጨው ውኃ ጠብታ አፍንጫው ውስጥ ጨምሮ በንጹሕ ጨርቅ መጥረግ ይበቃል።

ግፊት ሁልጊዜ ጠላት እንዳልሆነም መታወቅ አለበት። በብሪታንያ ተካሂዶ በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት፣ በጆሮአቸው ፈሳሽ የተጠራቀመ ለትምህርት የደረሱ ልጆች በአፍንጫቸው ልዩ ፊኛ እንዲነፉ ሲደረግ፣ ካልነፉት ይልቅ ጆሮአቸው በተሻለ ሁኔታ እንደዳነ አሳይቷል። ፊኛው የሚጠይቀው ግፊት የተለካ ነው። በሌላ በኩል የጆሮ ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ሰው ወይም የፊት አጥንቱ የተሰበረ ሰው ሐኪሙ እስኪፈቅድለት ድረስ ጨርሶ መናፈጥ የለበትም፤ አንደኛው የተጠገነውን ታምቡር ሊያፈርስ፣ ሁለተኛው በስብራቱ በኩል አየር ወደ ዓይን ዙሪያ ሊያስገባ ይችላል።

ወደ ሐኪም መሄድ ያለብን መቼ ነው?

በመናፈጥ ጊዜ መጥቶ በመዋጥ የሚያልፍ ሕመም ሐኪም አያስፈልገውም። የጉንፋን ድፍንነትም ከጉንፋኑ ጋር፣ ወይም ከእርሱ ጥቂት ዘግይቶ ይለቃል። የሚከተሉት ምልክቶች ግን አይታለፉም፦ ሕመሙ ከሁለት ቀን በላይ ሲቆይ ወይም ሲብስ፤ ትኩሳት ሲኖር፤ ከጆሮ መግል ወይም ደም ሲወጣ፤ መስማት በድንገት ሲቀንስ፤ ራስ ሲዞር፤ ፊት በአንድ ወገን ሲዛባ። ከጆሮ በስተ ኋላ ያለው አጥንት አብጦ ሲነካ የሚያም ከሆነ፣ በተለይ በልጅ ላይ፣ ሳይውል ሳያድር ወደ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል፤ ልክፈቱ ወደ አጥንቱ ገብቶ ይሆናልና። አዋቂ ሰው ጉንፋን ሳይኖረው አንድ ጆሮው ብቻ ለሳምንታት ከተደፈነም ከአፍንጫው በስተ ኋላ ያለው ክፍል መታየት አለበት፤ የቱቦውን አፍ የዘጋ እጢ እንዳይሆን ማረጋገጥ የሐኪሙ ግዴታ ነው።

የማይደረገውንም ልናገር። ዘይት፣ የጡት ወተት፣ የጤና አዳም ወይም የነጭ ሽንኩርት ጭማቂ ጆሮ ውስጥ አይጨመርም። ለባህል መድኃኒት ዕውቀታችን ያለኝ አክብሮት እንዳለ ነው። ነገር ግን ታምቡሩ ተበስቶ ከሆነ የጨመርነው ሁሉ በቀጥታ ወደ መካከለኛው ጆሮ ይገባል። በዚሁ ምክንያት ጆሮ ሳይታይ ከፋርማሲ የተገዛ ጠብታም አይደረግም፤ አንዳንዶቹ በተበሳ ታምቡር ሲገቡ ውስጠኛውን ጆሮ ሊጎዱ ይችላሉ። ክብሪት፣ ቁልፍና የእስክሪብቶ ክዳን ለጆሮ አልተሠሩም። ለጉንፋን ብሎ ከቤት የተረፈ አንቲባዮቲክ መዋጥም አይጠቅምም፤ ጉንፋን የሚመጣው ከቫይረስ ነውና።

የሕፃናቱ ጉዳይ

አሁን ወደ ዋናው ጭንቀቴ ደረስሁ። የሕፃን ቱቦ ከአዋቂው ግማሽ ያህል፣ ማለትም 18 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ይረዝማል። የአዋቂ ቱቦ ወደ አፍንጫ ቁልቁል ያዘነበለ ሲሆን የሕፃን ቱቦ ግን ወደ አግድም የተጠጋ ነው። መንገዱ አጭርና ለጥ ያለ በመሆኑ ንፍጥ ወደ ጆሮ ለመድረስ ብዙ አይደክምም። ተንጋልሎ በጡጦ የሚጠባ ሕፃን ወተቱ ሳይቀር ወደዚያ ሊያመራ ይችላል። የትንባሆና የማገዶ ጭስ ደግሞ የአፍንጫንና የቱቦውን ግድግዳ እያቆሰለ ችግሩን ያባብሰዋል።

ልክፈቱ ሲደጋገምና ሳይታከም ሲቀር ታምቡሩ እንደተበሳ ይቀራል፤ ጆሮው ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት መግል ያዥጎደጉዳል። በሌላ ልጅ ደግሞ መግል ሳይኖር፣ ሕመምም ሳይኖር፣ ከታምቡሩ በስተ ጀርባ ፈሳሽ ይጠራቀማል። ይህ ልጅ አያለቅስም፤ ማንም ታሟል አይለውም። የሚለየው በሌላ ነገር ነው፦ ከኋላው ሲጠሩት አይዞርም፣ «ምን?» ማለት ያበዛል፣ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ከፍ ያደርጋል፣ አፉን በጊዜው አይፈታም፣ በክፍል ውስጥ ፈዞ ይቀመጣል።

እዚህ ላይ ቋንቋችን ራሱ ይወቅሰናል። በአማርኛ ደንቆሮ ማለት የማይሰማ ማለት ነው፤ ደንቆሮ ማለት የማይገባው ማለትም ነው። ሁለቱን በአንድ ቃል ስለምንጠራ ሁለቱን በአንድ ዓይን ማየት ለምደናል። መግል የሚወጣው ጆሮ ይዞ በመጨረሻው ወንበር ላይ የተቀመጠው ልጅ መምህሩ ያለው ስላልገባው ሳይሆን ስላልሰማው ነው ወደ ኋላ የሚቀረው። ጓደኞቹ ከሽታው የተነሣ ይሸሹታል፤ እርሱም ዝም ይላል። ዓመቱ ሲያልቅ ሰነፍ ተብሎ ይደግማል። ስንፍና ብለን የመዘገብነው ነገር በጤና ጣቢያ ሊታከም የሚችል ነበር።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ስለ መስማት ባወጣው ሪፖርት፣ በዓለም ላይ ከ430 ሚሊዮን የሚበልጡ ሰዎች ተሐድሶ የሚያሻው የመስማት ጉድለት እንዳለባቸው፣ በልጆች ላይ ከሚደርሰው የመስማት ጉድለትም 60 በመቶ ያህሉ ሊከላከሉት በሚቻል ምክንያት እንደሚመጣ ገልጿል። እኔ ይህን ቁጥር የማነበው እንደ ክስ ሳይሆን እንደ ተስፋ ነው፤ ከግማሽ የሚበልጠው በእጃችን ላይ ነው ማለት ነውና።

በእጃችን ያለውም ውድ ነገር አይደለም። ሕፃን እስከ ስድስት ወር የእናት ጡት ብቻ ይጥባ። ክትባቱ አይቋረጥ፤ ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ በአገራችን በመደበኛው የሕፃናት ክትባት ውስጥ የገባው የኒሞኮከስ ክትባት ከሳንባ ምች ባሻገር ለጆሮም ይጠቅማል። ምድጃው ካለበት ክፍል ሕፃኑን እናርቅ። መግል የሚወጣውን ጆሮ በንጹሕና ፈሳሽ በሚመጥ ጨርቅ ፈትል ሠርተን በቀን ሦስት ጊዜ ያህል እስኪደርቅ እንጥረግ፤ ፈትሉን ጆሮው ውስጥ አንተወው፣ በየጊዜው በአዲስ እንተካው። ከዚያም ወደ ጤና ጣቢያ እንውሰደው፤ መግሉ ሁለት ሳምንት ካለፈው ሕክምናው የተለየ ስለሆነ ስንት ቀን እንደሆነው ለባለሙያው በትክክል እንንገረው።

ማሳሰቢያ

ወደ ማጠቃለያዬ ልምጣ። ለወላጆች፦ ልጃችሁን በአንድ ቀዳዳ፣ በቀስታ መናፈጥ አስተምሩት፤ ጆሮዬን አመመኝ ሲል እመኑት። ለመምህራን፦ ከኋላ የሚቀመጠውን ፈዛዛ ተማሪ ከመገሠጻችሁ በፊት ወደ ፊት አስቀምጡት፤ ከዚያም ጀርባውን ሰጥቶ ሳለ በለሆሳስ ጥሩት። ካልዞረ ቤተሰቡን አነጋግሩ። ለተማሪዎቻችን፦ ነገ በጤና ጣቢያ ስትመደቡ በጉንፋን የመጣውን ልጅ ሁሉ ጆሮውን ሳታዩ አትሸኙ። የሚፈጀው አንድ ደቂቃ ነው፤ ለልጁ ግን የሚሰማው መምህርና የሚከታተለው ትምህርት ማለት ሊሆን ይችላል።

 ጥያቄ ያላችሁ ከመድረኩ አጠገብ እጠብቃችኋለሁ።